ሕፃናት በራሳቸው መብላት የሚማሩበት ልማድ በጎንደር

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሕፃን በራሱ መብላት የሚጀምረው በእጁ ነው። መጀመሪያ በቀኝ እጁ እንጀራ ቆርሶ ወጥ ማጥቀስን ይማራል፤ ማንኪያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሹካና ቢላዋ ብዙ ይዘገያሉ። ቅደም ተከተሉ ከገበታው የመነጨ ነው። እንጀራን በአንድ እጅ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያንጠባጥቡ አፍ ማድረስ ማንኪያ ከመያዝ የማያንስ ቅልጥፍና ይጠይቃል፤ ስለዚህ ማንኪያ ያልያዘ የጎንደር ልጅ በራሱ መብላት አልቻለም ማለት ትክክል አይደለም። ልጁ መቻል ከጀመረ በኋላም የእናት፣ የአያትና የታላቅ እህት ጉርሻ አይቀርበትም።

የቀድሞው ገበታ

ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ገበታ በዝርዝር ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር የደረሰው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ሲሆን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት የፈንጣጣ ሕሙማንን አክሟል። እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ ትረካው ስለ አንድ ግብዣ ሲገልጽ፣ የተከበረ ሰው ምግቡን በራሱ እጅ አይጎርስም ይላል። ወንዱ በሁለት ሴቶች መካከል ይቀመጣል፤ በረጅም ቢላዋው ሥጋውን ይቆርጣል፤ ሴቶቹ ደግሞ ሥጋውን አድቅቀው ከትፈው፣ በርበሬና ጨው ጨምረው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱታል። ጠግቦ ከመጠጣቱ በፊት እርሱም በተራው ሁለት ጥቅልል አዘጋጅቶ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጎርሳቸዋል። ብሩስ ይህን የጻፈው በፌዝ ነው፤ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀውን ሰው ከሞኝ ጋር አመሳስሎታል። በጎንደር ያደገ አንባቢ ግን በዚሁ ገለጻ ውስጥ ጉርሻንና የጉርሻን መልስ ወዲያውኑ ያውቃቸዋል። ከቁም ከብት ሥጋ እየተቆረጠ ይበላ ነበር ማለቱ በራሱ ዘመንም ብዙ አከራክሯል፤ ስለ መጎራረሱ የጻፈው ከዛሬው ልማድ ጋር ስለሚገጥም ለመቀበል አያስቸግርም። ቢላዋም በዚያን ጊዜ የትልቅ ሰውና የጥሬ ሥጋ ዕቃ እንደነበር ከትረካው መረዳት ይቻላል፤ ዛሬም ቢሆን ልጅ የሚደርስበት የመጨረሻው ዕቃ ነው።



ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙባቸው ዓመታት፣ ማለትም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም.፣ ፒያሳ ተሠራ፤ ፓስታና መኮሮኒም ተለመዱ። ሹካ ወደ ተራው ቤት መግባት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ይመስላል። ይሁን እንጂ ፓስታን በእንጀራ የሚበላው ቤት ብዙ ነው።

ከእጅ ወደ ማንኪያ

ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 8 ወር ላለ ሕፃን በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 እስከ 23 ወር ላለው ከ3 እስከ 4 ጊዜ መመገብን ይመክራል፤ የእናት ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ከ8 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ልጁ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ትንሽ ነገር ማንሳት ይችላል። ለስላሳ አልጫ ፍትፍት ወይም የተቀቀለ ድንች ፊቱ የሚቀርብለት በዚህ ጊዜ ነው። ቆሎ፣ ሙሉ ሽምብራና ለውዝ ግን ስለሚያንቁ ዕድሜው አራት ዓመት እስኪሆን መራቅ አለባቸው፤ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ቆሎ ስለማይጠፋ ይህ ጥንቃቄ በጎንደርም በጣም ያስፈልጋል።

አንድ ዓመት አካባቢ ልጁ ማንኪያውን ይነጥቃል፣ ትሪውን ይመታበታል፣ አፉ ሳይደርስ ይገለብጠዋል። የሚገለብጠው የእጁ አንጓ ገና መዞር ስላልለመደ ነው እንጂ በጥጋብ አይደለም። በዓመት ተኩል ገደማ በማንኪያ ለመብላት ይሞክራል፤ በሁለት ዓመቱ እያፈሰሰም ቢሆን ይበላል፤ በሦስት ዓመቱ ሹካ መጠቀም ይችላል። በዚህ ረገድ ገንፎን የሚያህል አስተማሪ ምግብ የለም። አጥሚት ከማንኪያ ይፈሳል፤ ገንፎ ግን ተጣብቆ ስለሚቆይ ማንኪያው ቢያዘነብልም ልጁ የተወሰነውን ይጎርሳል። የጤና ባለሙያዎችም የሕፃን ምግብ ከማንኪያ እስከማይፈስ ድረስ ይወፍር የሚሉት ቀጭኑ ምግብ ሆድ ሞልቶ ኃይል ስለማይሰጥ ነው። በጎንደር ቤቶች ለልጁ ከትልቁ ገንፎ ዳር ይዛቅለታል፤ በርበሬ ያልነካው ቅቤም ይደረግለታል። ለደምቢያ ሰው ሽምብራ ቅርብ ስለሆነ ከጤፍና ከስንዴ ጋር ምጥን አድርጎ መፍጨት አይከብድም። ቅንጬም ለማንኪያ ልምምድ ይጠቅማል።

በግራ እጅ መብላት በልማዱ ነውር ነው፤ ስለዚህ በግራው ማንኪያ የያዘ ልጅ ወዲያው ይታረማል። ሐኪሞች እጅን በግድ ማስለወጥን አይመክሩም፤ ሽማግሌዎች ደግሞ በጋራ ትሪ ላይ የግራ እጅ አይገባም ይላሉ። ማንኪያን በግራ ፈቅደው እንጀራን በቀኝ ብቻ በማድረግ የሚያስታርቁ ቤቶች አሉ።

ሳህን፣ ጾምና ባለሙያዎች

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሕፃን የራሱ ሳህን ይኑረው የሚሉት እናቲቱ ምን ያህል እንደበላ እንድታይ ነው። የጋራ መሶብ ፍቅርን ያስተምራል፤ መጠንን ግን ይደብቃል። የራሱ ዕቃ በጾም ጊዜ ሌላም ጥቅም አለው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አይጠበቅበትም፤ ሆኖም በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም እናቶች የጾሙን ድስት ላለማስነካት እንቁላልና ወተት ከቤት ያርቃሉ፤ ልጁም አብሮ ይጾማል። ለብቻው የተቀመጠ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ይህን ችግር ያቃልላል።

ይህን የመሰለ ምክር በየቤቱ እንዲደርስ መሠረቱን የጣለው ለዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽህና) ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከ፣ ሀገር የምትኮራበት ተቋም ነው። ዩኒቨርሲቲው በዳባት ያለውን የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ይዞ የወረዳውን ነዋሪዎች ልደት፣ ሞትና ጤና ይከታተላል። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን በራሳቸው እንዲሠሩ የሚያግዝ ሕክምና፣ ትምህርት ከፍቷል።

የዚህ ሙያ ባለሙያዎች ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸውን ልጆች በራሳቸው እንዲበሉ ያለማምዳሉ። ዘዴዎቹ ቀላል ናቸው፦ የማንኪያው እጀታ በጨርቅ ወይም በጎማ ተጠቅልሎ ይወፍራል፤ ጠርዙ ከፍ ያለ ሳህን ይመረጣል፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፤ የልጁ እግር አየር ላይ እንዳይንጠለጠል መርገጫ ይደረግለታል።