የጉርምስና ዘመን ትንንሽ ተዋጊዎችን እንደገና መቀባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዘንዶ፣ አስማተኛና ባለ ሰይፍ ተዋጊ የሚመስሉ፣ አብዛኞቹ ቁመታቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ የፕላስቲክና የብረት ምስሎችን በጉርምስና ዕድሜያችን የሰበሰብን የድሬዳዋ ልጆች ጥቂት ነን። ያገኘናቸው ከውጭ አገር በመጡ ዘመዶች ሻንጣ ነበር። ያኔ የቀባነው ቀለም ወፍራም ስለነበር ዛሬ ዓይንና አፍንጫቸው አይለይም። ሊታደሱ ይችላሉ፤ የሚያሳዝነኝ ግን በየቦታው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የሚያጠፋቸው መሆኑ ነው።

«የድሮውን ቀለም አሴቶን ያስለቅቀዋል።» ከብረት ላይ፣ አዎ። አብዛኞቹ የፕላስቲክ ምስሎች ግን የተሠሩት ፖሊስቲሪን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ አሴቶን ደግሞ ፖሊስቲሪንን ያሟሟል። አሴቶን ባለው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የተነከረ ተዋጊ ጦሩም ፊቱም ይቀልጣል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ለፕላስቲክ የሚሻለው ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፎ መቆየት፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መፈተግ። አክሪሊክ የተባለው፣ በውኃ የሚቀጥነው ቀለም እየለሰለሰ ይነሣል፤ የዘይት ቀለም ግን እምቢ ሊል ይችላል። አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር ያስፈልጋል። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቡና በከሰል በሚፈላበት ክፍል ፈጽሞ አይከፈት።

«ብረት ስለሆነ ምንም አያደርግም።» ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የድሮ ምስሎች ብረት ብዙውን ጊዜ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት የተቀላቀለበት ነበር። ታዋቂው የእንግሊዝ አምራች ጌምስ ወርክሾፕ እንኳ እርሳስ ወደሌለው ቅይጥ የዞረው በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዘመኑ ያልታወቀ የብረት ምስል ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ፦ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፣ ብሩሽ በምላስ አይሾል፣ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ሕፃናትም አይንኩት። በላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ ቆሻሻ ወይም ሻጋታ አይደለም፤ እርሳሱ ራሱ እየተበላ ነው። አንዱ ምክንያት ከእንጨት የሚወጣ የአሲድ ትነት ስለሆነ የተዘጋ የእንጨት ሣጥን መጥፎ ማስቀመጫ ነው። ዱቄቱንም እፍ ማለት አይገባም።

«ልዩ የውጭ ቀለም ከሌለ አይሞከርም።» አይደለም። ደህና የሠዓሊ አክሪሊክ በውኃ ቀጥኖ ይበቃል። የግድግዳ ቀለም ግን አይሆንም፤ ወፍራምነቱ ጥቃቅኑን ቅርጽ ይደፍናል።

«አንድ ጊዜ ወፈር አድርጎ መቀባት ይበልጥ ይሸፍናል።» የጉርምስና ሥራችንን ያበላሸው ይህ እምነት ነው። ሁለትና ሦስት ስስ ቅብ፣ እያንዳንዱ ደርቆ፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ የፊቱንም መስመር ይጠብቃል። የድሬዳዋ ሙቀት ግን ቀለሙን ገና መደባለቂያው ላይ ያደርቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዝርግ ዕቃ ላይ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ። ከሥር የሚመጣው እርጥበት ለሰዓታት ያቆየዋል።

«የሚነፋ የመሠረት ቀለም ፀሐይ ላይ ቢነፋ ቶሎ ይይዛል።» እኩለ ቀን ላይ ጠብታው ምስሉ ጋ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና ገጹን እንደ አሸዋ ያሻክረዋል። እዚህ ከተማ ትክክለኛው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከደቻቱ ወንዝ በኩል አቧራ የሚያመጣው ነፋስም ሳይነሣ፣ ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ።

«ሁሉም ታጥቦ እንደ አዲስ መሆን አለበት።» በዚህ አልስማማም። ቀለሙ ስስ ሆኖ በደንብ ከያዘ፣ በሳሙናና በለብታ ውኃ አጥቦ በላዩ ላይ መቀባት ይቻላል። ያኔ በልጅ እጅ በጥንቃቄ የተቀባ ጋሻ ካለ ደግሞ እሱን ሳልነካ ሌላውን ብቻ እቀባለሁ፤ በመጨረሻም ሁሉንም አንድ ላይ ደብዛዛ (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ አለብሰዋለሁ።