የመካከል ዳግም ዕድገት ምንድን ነው?

የመካከል ዳግም ዕድገት የሚባለው፣ ከአንድ አካል መሃል የጎደለን ክፍል ከጉድለቱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሕዋሳት ተባዝተው የሚሞሉበት ሂደት ነው። ነገሩ በግልጽ የታየው በበረሮ እግር ላይ ነው።

በረሮ እግሯ ሲቆረጥ ምትኩ የሚሠራው ከጠንካራው የውጭ ልባስ ሥር ተጣጥፎ ስለሆነ፣ የሚታየው ልባሷን ስትቀይር ብቻ ነው። ጎልምሳ ልባስ መቀየር ያቆመች በረሮ የጠፋ እግር አትተካም፤ ሙከራዎቹ በታዳጊዎች ላይ የተካሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ምትኩም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ የጀርመን በረሮ በተባለው ዝርያ የእግሩ ጫፍ 5 አንጓዎች ሲኖሩት በምትኩ ላይ የሚወጡት 4 ናቸው።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ሆርስት ቦን በማዴይራ በረሮ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች የቅልጥሙን መሃል ቆርጦ በማውጣት የቀረውን ጉቶ ከጫፉ ጋር ሲገጥም፣ የጎደለው መሃል ልባስ ከተቀየረ በኋላ ተሞልቶ ተገኘ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እግሩ የራሱን ጠቅላላ ርዝመት ያውቃል፣ ሲያጥርም ይሞላል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ወሳኙ ግን ተቃራኒው ሙከራ ነው። ወደ ጫፉ ተጠግቶ በተቆረጠ ጉቶ ላይ፣ ከሥሩ አጠገብ የተቆረጠ የሌላ እግር ቅልጥም ሲገጠም መሃሉ ሁለት ጊዜ ስለሚገኝ የሚጎድል ነገር የለም፤ እግሩም ገና ከጅምሩ ከልክ በላይ ረጅም ነው። ሆኖም በመጋጠሚያው ላይ ሦስተኛ መሃል ይበቅላል፣ እግሩም ይብሱን ይረዝማል። በአዲሱ ክፍል ላይ የሚወጡት ጸጉሮች ደግሞ እንደ ወትሮው ወደ ጫፍ ሳይሆን ወደ ገላዋ ያዘነብላሉ። እንግዲህ ሕዋሳቱ የሚለኩት የእግሩን ርዝመት ሳይሆን ከጎረቤታቸው ጋር ያላቸውን የቦታ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ እስኪጠብ ድረስም መባዛታቸውን ይቀጥላሉ።

ቨርነን ፍሬንች፣ ፒተር ብራያንትና ሱዛን ብራያንት እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ ሐሳብ ወደ እግሩ ዙሪያ አስፋፉት። ዙሪያውን እንደ ሰዓት ፊት በቁጥሮች ከፋፍለው፣ የማይቀራረቡ ሁለት ቁጥሮች ሲገናኙ ሕዋሳቱ በአጭሩ መንገድ በኩል ያለውን ይሞላሉ አሉ። የግራ እግር ጫፍ በቀኝ ጉቶ ላይ ሲገጠም ሁለት ትርፍ እግሮች መብቀላቸው በዚህ ሞዴል በቀላሉ ይገለጻል። ጫፍ እንዲያድግ የቁጥሮቹ ክብ ሙሉ መሆን አለበት የሚለው ሕግ ግን በ1981 በራሳቸው በደራሲዎቹ ተሻሽሏል።

ሞዴሉ ቁጥሮቹ በሕዋሱ ውስጥ ምን እንደሆኑ አይናገርም ነበር፤ ትልቁ ክፍተቱም ይህ ይመስለኛል። በ2009 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ፣ የፌንጣ ዘመድ በሆነው ክሪኬት ላይ ፋት እና ዳክሰስ የተባሉትን ጂኖች አንዱን ወይም ሌላውን በአር ኤን ኤ አማካይነት ዝም በማሰኘት ወደ መልሱ ተጠጋ። ጂኖቹ ዝም ሲሉ የሚተካው እግር አጭርና ወፍራም ሆነ፤ ጸጉሩ የተገለበጠው ትርፍ መሃልም ሳይበቅል ቀረ። የሁለቱ ጂኖች ፕሮቲኖች የሚገኙት በሕዋሳት ገጽ ላይ ሲሆን፣ የአንዱ ሕዋስ ፋት ከጎረቤቱ ዳክሰስ ጋር ይያያዛል።