ሰደድ እሳትና የጅማ ቡና ደን፦ የተቋማትና የዕቅድ ድርሻ

ጅማ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ዝናብ፣ ቡናና ማር ነው። በከተማዋ ዙሪያ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ስለሚዘንብ፣ ሰደድ እሳት የቆላ ጣጣ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በጋው ሲጠና የጊቤ ሸለቆ ሳር ይደርቃል፣ በወይና ደጋው የቡና ደን ውስጥም የረገፈው ቅጠል ማገዶ ይሆናል። እዚህ እሳቱ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ለመሬት እንጂ በዛፍ ጫፍ አይሄድም። ለዚህም ነው ከሩቅ ሲታይ ጉዳቱ ቀላል የሚመስለው። ትልቁ ዛፍ ቆሞ ሲቀር፣ ሥሩ ከመሬት ገጽ ብዙም የማይርቀው ቡና ግን ይሞታል፤ በምትኩ የሚተከለው ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል።

የቃጠሎው መነሻ በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፦ ለእርሻ የሚደረግ ምንጣሮ፣ አዲስ ሳር እንዲያቆጠቁጥ የሚለኮስ ግጦሽ፣ የከሰል ማክሰያ፣ ማር ሲቆረጥ ንብ ለማባረር የሚያዝ ችቦ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌና በቦረና ደኖች የደረሰው ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር በላይ አውድሟል። እሳቱን ለማጥፋት ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ሳይቀር ባለሙያዎች መጥተዋል። እርዳታው ዋጋ ነበረው፤ ሆኖም ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው እሳቱ ከገነነ በኋላ ነው። በመጀመሪያዋ ሰዓት እሪታ ሰምቶ፣ እርጥብ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዞ የሚሮጠው ጎረቤት ነው። ጥያቄው ይህ ጎረቤት ለምን ይሮጣል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው በጅማ ዞን የሚገኘው የበለጠ-ጌራ ደን ይመስለኛል። በሸቤ ሶምቦና በጌራ ወረዳዎች በተዘረጋው በዚህ ደን፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ «ዋቡብ» የተባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቁመዋል። ስሙ «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና» (የደን አስተዳደር ማኅበር) ከሚለው የኦሮምኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። ማኅበራቱ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራርመው የደኑን ወሰን ለይተዋል። አባላቱ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ፤ በምላሹ ደኑን ይጠብቃሉ፣ አዲስ እርሻም አያስገቡም። ከደኑ የሚለቀመው ቡና ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ሲሸጥ፣ ቃጠሎ የመንግሥት ኪሳራ መሆኑ ቀርቶ የቤት ኪሳራ ሆነ። እሳት በሚለኩስ ላይ ሕጉ ከባድ ቅጣት ይደነግጋል፤ ነገር ግን በጫካ ውስጥ ዘብ የሚቆመው ሕጉ ሳይሆን ድርሻ ያለው ሰው ነው።

ማኅበር ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ቀበሌው ማን ማንን እንደሚጠራ አስቀድመው ካልተስማሙ፣ እሳት በሁለት ቀበሌ ወሰን ላይ ሲነሳ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠረገው፣ አካፋና ገጀራም የሚቀመጥበት ቦታ የሚወሰነው ሳሩ ሳይደርቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ጉልበት ደቦና እድር ናቸው፤ ለቀብርና ለአጨዳ ሰው የሚጠሩበት መንገድ ለእሳትም ያገለግላል።

አንድ ነገር በዕቅድ ውስጥ ልዩ ቦታ ይገባዋል። የቡና ለቀማው ከበጋው ጋር ይገጥማል። ለቃሚዎች ቡናውን ለመጠበቅ ደን ውስጥ ሲያድሩ እሳት አንድደው ያበስላሉ፤ ስለዚህ ደኑ በሚደርቅበት ወቅት እሳት የሚለኩሰውም፣ ፈጥኖ ሊያጠፋ የሚችለውም ሰው እዚያው ነው። የምድጃው ቦታ በደንብ እንዲጸዳና ፍሙ በአፈር እንዲዳፈን ከለቀማው በፊት መነጋገር ወጪ የለውም።