ስለ መኪና ቀለም መከላከያ ፊልም (ፒፒኤፍ) ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ፒፒኤፍ የሚባለው የመኪና ቀለም ላይ የሚለጠፍ ወፈር ያለ ግልጽ ፊልም ነው። ስራው አንድ ነው፣ ከፊት መኪና ጎማ ተፈናጥሮ የሚመጣ ጠጠር፣ አሸዋ፣ የቅርንጫፍ ጭረት፣ የወፍ ኩስ፣ ኮፈን ላይ ተጨፍልቆ የሚደርቅ ነፍሳት ቀለሙን ከመንካቱ በፊት እሱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ። ቀለሙ ሊጎዳ በነበረበት እሱ ይጎዳል፣ ሲያረጅ ይላጥና ሌላ ይለጠፋል፣ በቃ። ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ሆኖ ስለሱ የሚወራው ግን ግማሹ ሻጭ ያጋነነው ነው፣ ግማሹ ደግሞ የድሮውን ፊልም ያየ ሰው የዛሬውንም በዛው ዓይን እያየ የሚያወራው ነው። በአማርኛ ተሰብስቦ ብዙም ስለማይገኝ ነው እዚህ ላይ ያሰባሰብኩት።

ከየት መጣ

መነሻው መኪና አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮች አሸዋና ፍርስራሽ ባለበት ቦታ ሲነሱና ሲያርፉ የሚሽከረከረው ክንፋቸው ጠርዝ እየተበላ አስቸገረ፣ ለዛ ተብሎ ስሪኤም (3M) የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፖሊዩሪቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ፊልም ሰራ፣ ቀላል ስለሆነ ክብደት አይጨምርም፣ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ ደግሞ የመታውን ነገር አንጥሮ ይመልሳል። ከዛ ወደ ውድድር መኪናዎች ገባ፣ ከዛም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ተራው ሰው መኪና። ያኔ የነበረው ፊልም ግትር ነበር፣ ጥምዝ ላይ እሺ ብሎ አይለጠጥም፣ ስለዚህ የኮፈኑን የፊት ጠርዝ ብቻ ይሸፍኑና መሀል ላይ ከሩቅ የሚታይ መስመር ይቀራል። ብዙ ሰው ዛሬም "ያስጠላል" የሚለው ያንን እያስታወሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው፣ ዛሬ በፒፒኤፍ የሚታወቀው ኤክስፔል የሚባል ኩባንያ ሲጀምር ፊልም ሰሪ አልነበረም፣ የየመኪናውን ሞዴል ልክ በኮምፒውተር አስቀምጦ ፊልሙ በማሽን እንዲቆረጥ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነበር ስራው። ይሄ ነገር ለሙያው ትልቅ ለውጥ ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት አብዛኛው በምላጭ መኪናው ላይ ነበር የሚቆረጠው።

ከምን ጋር ይምታታል

በጣም የተለመደው ስህተት "ሴራሚክ አስደርጌያለሁ፣ ፊልም አያስፈልገኝም" የሚለው ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ሴራሚክ ኮቲንግ ፈሳሽ ነው፣ ተቀብቶ ሲደርቅ የሚተወው ሽፋን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቢሆን ነው፣ ውሃ ያንሸራትታል፣ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ያብለጨልጫል፣ እነዚህን ጥሩ አድርጎ ይሰራል፣ ጠጠር ግን አያቆምም። ፒፒኤፍ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን አካባቢ ነው። ለማነጻጸር ያህል ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከስሩ እስከ ላይ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከዛ ውስጥ ላይኛው ክሊር የሚባለው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር የሚቀነሰውም ከዚሁ ነው። እና ፊልሙ ከጠቅላላው ቀለም ሊወፍር ይችላል ማለት ነው፣ ይሄን ሰው ሲሰማ ይገረማል።

ሌላው ስቲከር ነው። ቀለም ለመቀየር የሚለጠፈው ስቲከር ከፒቪሲ የሚሰራ ነው፣ ውፍረቱ የፒፒኤፍ ግማሽ አካባቢ ነው፣ የተሰራው ለመልክ ነው። ጭረት በትንሹ ይይዛል፣ ጠጠር ሲመታው ግን ይበሳል። የመስታወት ቲንት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፣ ከፖሊስተር የሚሰራ ስስ ፊልም ነው፣ ብርሃንና ሙቀት ለመቀነስ። ስማቸው ሁሉም ፊልም ስለሆነ ብቻ ነው የሚምታቱት።

ፒፒኤፍ ራሱ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፣ ከስር ሲጫኑት የሚይዝ ሙጫ አለው፣ መሀል ላይ ዋናው አካሉ ቲፒዩ የሚባለው ፖሊዩሪቴን አለ፣ ከላይ ደግሞ በጣም ስስ የሆነ ሽፋን። ገበያ ላይ በፒፒኤፍ ስም የሚሸጥ ነገር ግን ውስጡ ፒቪሲ ወይም ከፒቪሲ የተሻሻለ ቲፒኤች የሚባል አለ። ሲነካ ይመሳሰላል፣ ሲለጠጥ ግን ይታወቃል፣ ቲፒዩ ስትስበው ይለጠጥና ስትለቀው ይመለሳል፣ ሌላው እንደተለጠጠ ይቀራል ወይም ነጣ ይላል። ከመለጠፉ በፊት ቁራጭ ለምኖ ጎትቶ ማየት ነውር የለውም።

"ራሱን ይጠግናል" የሚባለው

እውነት ነው፣ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት ምክንያቱም ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ነው። ራሱን የሚጠግነው ያ ከላይ ያልኩት ስስ ሽፋን ነው። መኪና በቆሸሸ ጨርቅ ሲታጠብ ፀሐይ ላይ ሲያዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክብ ክብ ጭረት ይወጣል አይደል፣ እንደዛ ዓይነቱ ጭረት ሽፋኑን አልቆረጠውም፣ ገፍቶ ነው ያጠፈው፣ ሙቀት ሲያገኝ ቁሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የናስ ብሩሽ ወስዶ ፊልም የተለጠፈ ኮፈን ላይ ሸርተት አድርጎ ማየት ይቻላል፣ መጀመሪያ ነጭ ነጭ መስመር ይሞላዋል፣ ባለቤቱ ካለ ይደነግጣል፣ ከዛ ሞቅ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ሲፈስበት መስመሮቹ ከዳር እየሳሱ እየሳሱ ሄደው ዓይን ላይ እያለ ይጠፋሉ፣ ጣት ሲያሳልፉበት ምንም የለም። ስንቴ አይቼው አልሰለቸኝም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪናም ያንኑ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ።

ነገር ግን በቁልፍ ተጭኖ የተጫረ፣ በምላጭ የተቆረጠ፣ ስለታም ጠጠር ገብቶበት የተበሳ ፊልም የፈለገ ውሃ ቢፈስበት አይገጥምም። እሱ የተቆረጠ ነገር ነው። ያ ቁራጭ ይነሳና አዲስ ይለጠፋል፣ ለዚህም ነው መኪናው አካል በአካል ተለያይቶ የሚለጠፈው፣ ኮፈኑ ሲጎዳ ኮፈኑ ብቻ፣ ፓራፋንጎው ሲጎዳ ፓራፋንጎው ብቻ። "ጥይት አይበሳውም" ምናምን የሚሉ ሰዎች ሙያውን ነው የሚያሰድቡት። መኪና ገጭቶ ከሚመጣ ጎድጓዳም አያድንም፣ ላሜራው ከታጠፈ ፊልሙም አብሮት ይታጠፋል።

"ቢጫ ይሆናል"

ድሮ ይሆን ነበር፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ነጭ መኪና ላይ የተለጠፈ የድሮ ፊልም ከጥቂት ዓመት በኋላ የሻይ ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ምክንያቱ ኬሚስትሪው ነው። ፖሊዩሪቴን አሮማቲክና አሊፋቲክ የሚባል ሁለት ዓይነት አለው፣ አሮማቲኩ በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይለወጥና ይበጫል፣ አሊፋቲኩ ግን ይቋቋማል። አሁን ጥሩ ፊልሞች በአሊፋቲክ ነው የሚሰሩት፣ ሙጫውም ጨረር የሚቋቋም ነው፣ የ10 ዓመት ዋስትና የሚሰጠውም በዚህ ተማምነው ነው። ርካሹ አሁንም ይበጫል፣ ፒቪሲው ደግሞ ይባስ። ምንም ዓይነት ፊልም ለዘላለም ንጹህ ሆኖ ይቀራል ማለት ግን አይደለም፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ የሚውልና ጥላ ውስጥ የሚያድር መኪና እኩል አያረጁም።

"ሲነሳ ቀለም ይዞ ይነሳል"

ይሄ በጣም የሚፈራው ነው። የፋብሪካ ቀለም በትልቅ ሙቀት የተጋገረ ስለሆነ ከላሜራው ጋር ያለው መያያዝ ከፊልሙ ሙጫ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ በአግባቡ ከተነሳ ፊልሙ ይነሳል ቀለሙ ይቀራል። ችግሩ በኋላ የተቀባ መኪና ላይ ነው። አንድ ጊዜ ፊልም ሲነሳ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ኮፈኑ ምንም ሳይሆን ለቀቀ፣ ፓራፋንጎው ላይ ሲደረስ ግን ፊልሙ ጀርባ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀለም ተለጥፎ መጣ፣ ከስሩ ግራጫ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) ታየ። ባለቤቱ መኪናው ተገጭቶ እንደተሰራ ሲገዛው አልተነገረውም። ፊልሙ ተወቀሰ እንጂ ጥፋቱ የዛ ስቱኮው ላይ በደንብ ሳያሸው የቀባ ሰው ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ሰራተኛ ሳይለጥፍ በፊት የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ መኪናውን የሚዞረው፣ ቁጥሩ በድንገት እጥፍ የሆነበት ቦታ እንደገና የተቀባ ነው። አዲስ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ያለው ሶልቨንት (ማቅጠኛ ፈሳሽ) ተንኖ ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ የተለመደው ቢያንስ 30 ቀን ነው፣ ቶሎ ከታፈነ ፊልሙ ስር ያብጣል።

ትናንሽ የሚመስሉ

ፊልም የድሮ ጭረት ይደብቃል ይባላል፣ አይደብቅም፣ ግልጽ ነገር እኮ ነው። አንዳንዴ በጣም ስሱን ጭረት ሙጫው ሞልቶ ያደበዝዘዋል፣ የቀረው ግን ከመስታወት ስር እንደተቀመጠ ፎቶ ሆኖ ይታያል፣ ፖሊሹ የሚሰራው ከፊልሙ በፊት ነው። አዲስ መኪና አያስፈልገውም የሚሉም አሉ፣ እንዲያውም ለመለጠፍ የሚመረጠው ገና ጠጠር ያልነካው መኪና ነው።

ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ የሚታየው ትንንሽ የውሃ ከረጢት ደግሞ የብዙ ሰው ጭንቀት ነው። ፊልሙ የሚለጠፈው ሻምፖ ጠብ በተደረገበት ውሃ ላይ እያንሸራተቱ ነው፣ ከዛ ውሃው በላስቲክ እየተገፋ ይወጣል፣ ጥቂት ይቀራል፣ እሱ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። በመርፌ መውጋት የለም። የማይጠፋው አየር የታቆረበት ወይም አቧራ የገባበት ነው፣ ልዩነቱም ቀላል ነው፣ አቧራ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ጥምዝ ላይ ያለልክ የተሳበ ፊልምም መስመር መስመር ይተዋል፣ ያኛው የእጅ ጉድለት ነው፣ ጊዜ አይፈታውም።

"ፊልም ካለው አይታጠብም" የሚለውም ስህተት ነው። የወፍ ኩስና የደረቀ ነፍሳት ላይኛውን ሽፋን ይበላሉ፣ ቀለሙን ባይነኩ ፊልሙን ያቆሽሹታል፣ ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ አርሶ ማንሳት ነው። ከላዩ ሴራሚክ መቀባት ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ባለሙያዎች አይስማሙም፣ እኔ ማጠቡን ስለሚያቀልል ይጠቅማል ባይ ነኝ፣ የግድ ነው ግን አልልም። በፕሬዠር ማሽን ሲታጠብ አፍንጫው ጠርዙ ላይ ተጠግቶ መተኮስ የለበትም፣ ውሃው ጠርዙን ፈልቅቆ ከስሩ ይገባል። ሙሉ መኪና ይለጠፍ ወይስ ፊቱ ብቻ ለሚለው፣ ጠጠር የሚያርፈው በዋናነት ባምፐር፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ የፊት መብራትና ከጎማ ኋላ ያለው የጎን ታች ላይ ነው።

ማንሳቱ ላይ ደግሞ የሚሳሳቱት "ገና ይቆያል" በማለት ነው። ጊዜውን ጠብቆ የሚነሳ ፊልም በእንፋሎት ወይም በሙቅ አየር ተሙቆ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ከቀለሙ ጋር ዝቅ ተደርጎ ወደ ኋላ ቀስ እየተባለ ሲጎተት እንደ አንድ አንሶላ ሙሉውን ይመጣል። ዕድሜው አልፎ የተሰነጣጠቀው ግን የጥፍር ያህል እየተበጣጠሰ ነው የሚመጣው፣ ሙጫውም ቀለሙ ላይ ይቀርና ለብቻው በማስለቀቂያ ይጸዳል፣ በግማሽ ቀን የሚያልቀው ስራ ቀናት ይፈጃል።