ቋንቋ የሚነገርበት ምናባዊ ዓለም ምንድን ነው?

ጎንደርና ኮምፒውተር አብረው ሲነሱ የብዙ ሰው ሐሳብ ፋሲል ግቢ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ቅጥር፣ ግንቦቹን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት በስሪዲ ሠርቶ በስልክ ማስጎብኘት። መልካም ሐሳብ ነው፤ አንድ ቀን በደንብ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ይሁንና ያ ምናባዊ ጉብኝት እንጂ ምናባዊ ዓለም አይደለም። ጎብኚው ይዞራል፣ ያያል፣ ይወጣል። የሚያናግረው ሰው የለም፤ እሱም አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ስለ ቋንቋ ካወራን ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምናባዊ ዓለም፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ቨርቹዋል ዓለም፣ በኮምፒውተር የተሠራ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ሰው በአቫታሩ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ እሱን በሚወክለው ምስል፣ አማካይነት ይንቀሳቀሳል፤ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይነጋገራል፤ ቤት ይሠራል፣ ዕቃ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ሰውዬው ሲወጣ ዓለሙ አብሮ አይጠፋም፤ ማታ ያቆመውን አጥር ጠዋት እዚያው ያገኘዋል። የቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ተደርጎ ዓለሙን በዙሪያ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ሰከንድ ላይፍ በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው፤ ማይንክራፍትን ደግሞ ልጆች በስልካቸው ይጫወቱታል።

ይህን መሣሪያ የነባር ሕዝቦችን ቋንቋና ባህል ለማስተማርና ለማቆየት መጠቀም ነው እንግዲህ ርዕሳችን። በእኛ አገር ነባር ያልሆነው ማን ነው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። የተናጋሪው ቁጥር እየመነመነ ያለ ቋንቋ መኖሩን ለማየት ግን ከጎንደር ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ቅማንትነይ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰዎችን ቅማንት ብሎ ሲመዘግብ፣ በቋንቋው አፋቸውን የፈቱት 1,625 ብቻ ነበሩ። በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገሩት ደግሞ 3,450። አፍ ፈቺዎቹ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። የቋንቋ ምሁሩ ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎቹ የሚገኙት በጭልጋና በላይ አርማጭሆ መሆኑን መዝግበዋል፤ ጥናቱ የሚያተኩረውም አንድ ቋንቋ በሌላው እንዴት እንደሚተካ ላይ ነው። የቅርብ ዘመዱ፣ የቤተ እስራኤል ወገኖች ይናገሩት የነበረው ቋረኛም ቦታውን ለአማርኛ ለቅቋል።

አንድ ቋንቋ እንዲህ የሚመነምነው መዝገበ ቃላት ስላልተጻፈለት አይደለም፤ የሚነገርበት አጋጣሚ ስለሚጠፋ ነው። ገበያው በአማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በግዕዝና በአማርኛ ሲሆን ለቋንቋው የሚተርፈው ጓዳ ብቻ ይሆናል። ልጆች ሥራና ትምህርት ፍለጋ ጎንደር ከተማ ሲገቡ ጓዳውም ይዘጋል። አያቶች እርስ በርስ ያወሩበታል፤ የልጅ ልጅ ብቅ ሲል ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ልጁ ጥቂት ይሰማ ይሆናል፤ ለመናገር ግን ያፍራል፣ ቢሳሳት ይሳቅብኛል ብሎ ይፈራል። ይህን ኀፍረት አቅልሎ ማየት አይገባም። ብዙ የቋንቋ ትምህርት ዕቅድ የሚወድቀው በመጽሐፍ እጥረት ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል።

ምናባዊ ዓለም የሚረዳው የጠፋውን አጋጣሚ መልሶ ስለሚፈጥር ነው። አንድ የጭልጋ ገጠር ግቢ በኮምፒውተር ተሠራ እንበል፤ ቤቱ፣ ማጀቱ፣ ጎተራው፣ የከብት በረቱ። ልጁ በአቫታሩ ይገባል። በሩ የሚከፈተው ሰላምታውን በቅማንትነይ ሲያቀርብ ነው። ጎተራውን ለማግኘት መጠየቅ አለበት፤ በሬውን ለመጥመድ ማዘዝ አለበት፤ ለሽማግሌ የሚባለውን ለእኩያው ካለ ይታረማል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ ቢደግም የሚሰለቸው የለም፤ በአቫታር ተሸፍኖ ስለሆነ ፊቱን አይቶ የሚስቅበትም የለም። ከዚያ በተወሰነ ሰዓት የጭልጋ ከተማ በሆነችው አይከል ያሉ አንድ አባት ወይም እናት በድምፅ ይገባሉ፤ ጨዋታው እውነተኛ ወግ ይሆናል። ቁም ነገሩ ይህ የመጨረሻው ነው። ሰው የማይገባበት ግቢ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጉብኝት ሆኖ ይቀራል።

ድምፅ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ቅማንትነይ በአማርኛ የሌለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ የ«ንግ» ዓይነት ድምፅ አለው። አማርኛ ብቻ የለመደ አፍ ይህን ከጽሑፍ አይማረውም፤ ከባለቤቱ አፍ መስማት አለበት።

በሌላው ዓለም የተሞከረው ብዙ ነው፤ ዋጋው ግን እኩል አይደለም። ካናዳ ውስጥ የሞሃውክ ተወላጇ አርቲስት ስካዌናቲና ጄሰን ኤድዋርድ ሉዊስ በሞንትሪያሉ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት ሥራ ሰከንድ ላይፍ ላይ የራሳቸውን ደሴት ሠሩ፤ እዚያው ውስጥ ፊልም ቀረጹ፤ ለወጣቶችም የአባቶችን ተረት ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ የመቀየር ሥልጠና ሰጡ። የእነሱ ትኩረት ቋንቋ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ነባር ሕዝብ በነገው ዓለምም እንዳለ ማሳየት ነው። አላስካ ውስጥ ደግሞ የኩክ ኢንሌት የነገዶች ምክር ቤት ከጨዋታ ሠሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 «ኔቨር አሎን» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ አወጣ። ተራኪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው ከአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኢኑፒያክ ነው። ታሪኩ ከአንድ የታወቁ ተራኪ የተወሰደ ስለሆነ መጀመሪያ የልጃቸው ፈቃድ ተጠየቀ። በሥራው ጥራት ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ለቋንቋ ትምህርት ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ትርጉሙን ከሥር እያነበበ ይሰማል እንጂ አንድ ቃል አይናገርም።

ኒውዚላንድ የተለየ ትምህርት አላት። የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የማኦሪዎች ቋንቋ የሚሰማበት የማይንክራፍት ዓለም አለ፤ ተማሪዎች በማኦሪ መንደርና በታንኳዎቹ መካከል እየዞሩ ቃላቱን ይማራሉ። ነገር ግን ማኦሪዎች ቋንቋቸውን መልሰው ማንሣት የጀመሩት በኮምፒውተር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አዛውንቶች ከሕፃናት ጋር ቀኑን ሙሉ በማኦሪ ብቻ የሚውሉባቸው መዋያዎች ተከፈቱ፤ በ1987 ቋንቋው ይፋዊ ሆነ። የኮምፒውተሩ ዓለም የመጣው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ ቤት ውስጥ የሚናገር ትውልድ ካለ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ግን ገና መዋያው ሳይኖር መነጽሩን ለመግዛት የሚጣደፍ አይጠፋም።

ሥጋቶቹን ላንሣ። የመጀመሪያው ዓለሙ የማን ነው የሚለው ነው። ጉግል ላይቭሊ የተባለውን ምናባዊ ቦታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ከፍቶ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ዘጋው። ማይክሮሶፍት የገዛው አልትስፔስቪአር የተባለው ምናባዊ ዓለምም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ተዘጋ። በሌላ ድርጅት ሰርቨር፣ ማለትም ዓለሙን በሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ላይ የተሠራ መንደር ባለቤቱ በቃኝ ባለ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ የድምፅ ቅጂው ቀድሞ፣ ለብቻው፣ በማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ፋይል፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። መንደሩ ቢፈርስ ሌላ ይሠራል፤ ያረፉ አዛውንት ድምፅ ግን ካልተቀዳ አይገኝም።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የጎንደር ሰው አይነገረውም። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ነገር እዚህ ለማስተማሪያ አይታሰብም። ደግነቱ መፍትሔው ውድ አይደለም። ሉዋንቲ፣ በቀድሞ ስሙ ሚንቴስት፣ ከማይንክራፍት ጋር የሚመሳሰል ነፃ ሶፍትዌር ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ባሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ በሕንፃው ውስጥ በተዘረጋ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል። አዛውንቱ ከአይከል መግባት ካልቻሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ወንበር ይሰጣቸዋል፤ ይህ እንዲያውም ይሻላል።

ሦስተኛው የሚታየውና የማይታየው ነገር ነው። በቅማንት ነባር እምነት በጥንታዊ ዛፎች ሥር የሚፈጸም፣ ለውጭ ሰው የማይከፈት ሥርዓት አለ። ወንበር የሚባሉት የሃይማኖት አባቶች አይሆንም ያሉት ነገር ለጨዋታ ተብሎ አይሠራም፤ ሠሪዎቹ የጎንደር ልጆች ቢሆኑም እንኳ። እርሻው፣ ገበያው፣ ቡናው፣ ተረቱና እንቆቅልሹ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ሥራውን ማን ይጀምረው ለሚል፣ በየዓመቱ ለሆቴል የክፍል ማስያዣ ሲስተም እየሠሩ የሚመረቁ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አሉን። አንድ ቡድን ለመመረቂያው አንድ ግቢ ቢሠራ፣ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ከሁለት ሦስት አዛውንቶች ዘንድ በእንግድነት ተቀምጠው ሰላምታን፣ የዝምድና መጠሪያን፣ የማጀት ዕቃንና ከብት መጠበቅን የሚመለከቱ ንግግሮችን ቢቀዱ፣ የመጀመሪያው በር ይከፈታል። የቀጣዩ ዓመት ቡድን ጎተራውን ይጨምራል። አዛውንቶቹም የሙያ አበል ሊከፈላቸው ይገባል፤ አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸውና።