ዲጂታሊስ፦ ራሱን በራሱ የሚዘራ የጓሮ አበባ

ፎክስግለቭ በመባልም የሚታወቀው ዲጂታሊስ ፑርፑሪያ የምዕራብ አውሮፓ ተክል ነው። የሚወደው የጫካ ጠርዝና ዛፍ ተቆርጦ አፈሩ የተገለጠበትን ቦታ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተንና ኦሬገን ከጓሮ ወጥቶ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል።

ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት መሬት ላይ የተዘረጉ ፀጉራም ቅጠሎች ብቻ ያወጣል። በሁለተኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ዘንግ አውጥቶ ያብባል፤ ዘሩን ከጣለ በኋላ ይደርቃል። ስለዚህ አንዴ ብቻ የተዘራ መደብ አንድ ዓመት አብቦ በቀጣዩ አበባ አይኖረውም። በየዓመቱ አበባ እንዲኖር ሁለት ዓመት በተከታታይ መዝራት ያስፈልጋል።

ዘሩ እንደ ትንባሆ ዱቄት የደቀቀ ሲሆን ለመብቀል ብርሃን ይሻል፤ አፈር ከለበሰ ይቀራል። በብሪታንያ ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ እርጥብ አፈር ላይ መበተንና በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካገኘ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይበቅላል። ከፊል ጥላና ውሃ የማይቋጥር፣ ብስባሽ ያለበት አፈር ይስማማዋል።

«ራሱን አልዘራ አለኝ» የሚባለው በአብዛኛው አትክልተኛው ጓሮውን ከልክ በላይ ሲያጸዳ ነው። ወፍራም ጉዝጓዝ ዘሩን ያፍናል፤ የበልግ ኩትኳቶ ቡቃያውን ከአረም ጋር ይነቅላል። አበባው እንደረገፈ ዘንጉን መቁረጥ ትንንሽ የጎን አበቦችን ያስገኛል፤ ነገር ግን ዘር የሚጥሉ አንድ ሁለት ዘንጎች ሳይነኩ መቅረት አለባቸው። የዘር ከረጢቶቹ ከታች ወደ ላይ ይበስላሉ፤ ቡናማ ሆነው ሲሰነጠቁ ዘንጉን ቆርጦ በተፈለገው ቦታ ማራገፍ ይቻላል። ቡቃያው ተጠጋግቶ ስለሚወጣ በ30 እና በ45 ሴንቲሜትር መካከል ተራርቆ እንዲቆም ማሳሳት ግድ ነው። የተነቀለው ከነአፈሩ በመኸር መጀመሪያ ቢዛወር ይይዛል።

ነጭ አበባ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቅጠሉን ከተክሉ ጋር የሚያያዘውን ዘንግ ይመልከት፤ ሐምራዊ ጥላ ያለበት ችግኝ ሐምራዊ ያብባል። ሳያብብ ካልተነቀለ ንቦች ያዳቅሉትና በቀጣዮቹ ዓመታት ነጩ ይመናመናል።

ተክሉ ከሥር እስከ ዘር መርዛም ነው፤ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም፤ የልብ ምትን ያዛባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ለሕክምና ያለውን ጥቅም በጽሑፍ አውጥቷል፤ ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒትም ከዘመዱ ዲጂታሊስ ላናታ ይገኛል። ያ ግን በሐኪም የሚለካ መጠን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል የሚበላ ቅጠል ስለሚመስል ጎመንና ሰላጣ አጠገብ መተው አደገኛ ነው። ሲነካ ጓንት ማድረግ ይገባል፤ የበላ ሰው ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በሽታው ብዙ አይደለም። ክረምት ላይ ውሃ ከተኛበት ግንዱ ከሥሩ ይበሰብሳል። ተጨናንቆ ሲያድግ ቅጠሉን ሻጋታ ይመታዋል፤ መድኃኒት ከመርጨት በፊት ማሳሳትና ጠዋት ከሥሩ ማጠጣት ይሻላል።