ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ ውሻው እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር

እዚህ አትላንታ አንድ ወዳጄ ቤት ናስካር የሚባለውን የአሜሪካ የመኪና ውድድር የቆዩ ቅጂዎች በዩቲዩብ እያየን ነበር። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የታላዴጋ ውድድር ላይ ደረስን። ጥቂት ዙር ሲቀር አንድ መኪና ተሽከረከረና የአደጋ ማስጠንቀቂያው ቢጫ መብራት በራ። በዚያች ቅጽበት ጄፍ ጎርደን ከዴል ኧርንሃርት ጁኒየር ቀድሞ ነበር ተባለ። ውድድሩም በቢጫው ስር፣ ማንም ማንንም ሳያልፍ አለቀ። ተመልካቹ ጣሳውን ሁሉ ወደ መንገዱ ወረወረ። ወዳጄም ተናዶ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ።

እዚህ ላይ አልተስማማንም። ቢጫው የመጣው ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ልክ ነው። ለአደጋው ግን አልዘገየም። ይህ ጅቡ ገና አጥሩ ላይ ሳለ የጮኸ ውሻ ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን ጎጃም፣ አያቴ ጋ አሳልፍ ነበር። ቻለው የሚባል ውሻ ነበራቸው። ቀን መንገደኛ አያሳልፍም። ማታ ጅብ ከወንዙ ማዶ ሲጮኽ ጆሮው ይቆማል። ሲቀርብ ጅራቱን እግሮቹ መሀል ይከታል። ጅቡ ጉረኖው አጠገብ ሲደርስማ በሩን በጥፍሩ እየቧጨረ እንደ ቡችላ ያለቃቅሳል። አያቴ መደቡ ላይ እንደተኙ ጭረቱን ይለዩታል። «መጣ» ይሉና ዱላቸውን ይፈልጋሉ። ፋኖስ ተለኩሶ፣ መወርወሪያው ተነስቶ እስክንወጣ አንዲት ግልገል ሄዳለች። ያኔ ቻለው ከኋላችን ተፈትልኮ ይወጣል። ጠጉሩን አቁሞ አጥሩን እየዞረ እስኪነጋ ይጮኻል። አያቴ መትተውት አያውቁም። «ምን ያድርግ፣ ነፍሱን ይወዳል» ይሉ ነበር።

ውሻው አሽትቷል፣ ሰምቷል። ዝም ያለው እያወቀ ነው። የአባባሉ ቁጣ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የራሴን ግምት ልናገር። አባባሉ መጀመሪያ የተነገረው ለውሻ አይመስለኝም። ጅብ ሲገባ እሪ ይባላል፤ እሪታ የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል። በሩን ዘግቶ አድሮ ሲነጋ ከሁሉ በላይ እየፎከረ የሚመጣ ግን አይጠፋም። ግልገሏን የተበላች አንዲት ሴት እሱን እያየች፣ በውሻዋ አስታካ የተናገረችው ይመስለኛል። ጎረቤትን ፊት ለፊት ፈሪ ማለት ይከብዳል፤ ውሻ ግን አይቀየምም። እኔ ከዚህ የተሻለ መነሻ አልሰማሁም።

ወዳጄ ከመኪና ውድድር ምሳሌ ከፈለገ የ2007ቱ ዴይቶና 500 አለለት። ኬቨን ሃርቪክና ማርክ ማርቲን ጎን ለጎን ወደ መጨረሻው መስመር ሲበሩ ከኋላቸው መኪኖች በጅምላ ተላተሙ። ከ2003 ወዲህ ቢጫ ሲበራ ሁሉም በያዘው ደረጃ ይቀጥላል፤ እስከ መስመሩ መሽቀዳደም ቀርቷል። ያን ዕለት ግን ሁለቱ እስከ መስመሩ ተሽቀዳደሙ። ቢጫው ዝም አለ። ሃርቪክ በ0.020 ሰከንድ ቀደመ። ክሊንት ቦውየር መኪናው ተገልብጦ፣ እሳት እየነደደበት፣ በጣሪያው እየተንሸራተተ መስመሩን አለፈ። መኪኖቹ ሲላተሙ ማርቲን ቀድሞ ስለነበር ቢጫው በጊዜው ቢበራ ኖሮ አሸናፊው እሱ ነበር ብለው ዛሬም የሚከራከሩ አሉ። ማርቲን ዴይቶና 500ን አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ነው መወዳደር ያቆመው። ለዚህ ለዚህ «ጅብ ከሄደ» ቢባል አፌን ሞልቼ እስማማለሁ።

አሁን አሁን አውቶቡስ ቢዘገይም፣ ኔትወርክ ቆይቶ ቢመጣም ይኼው ተረት ይወረወራል። አውቶቡሱ ምን አይቶ ዝም አለ? ሳይዘጋጁ ቆይቶ ለመሯሯጥ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚል ውብ አባባል አለን፣ እሱን ተጠቀሙ። ለዘገየ አውቶቡስ ደግሞ «ዘገየ» ይበቃዋል። የቻለውን ተረት እባካችሁ እንደ ቻለው አይቶ ዝም ላለ አስቀሩልኝ።